ልጥፋ ያለችው ተማሪ

ከጅዳ ወደ መካ በሚሄደው መኪና ከኋላዬ የተቀመጠች ተማሪ አጠገቧ ላሉት የወሎ እናት በዓረብኛ «ኻላ»፣ አክስቴ፣ እያለች ስለ ትምህርቷ ታወራለች።

«ለአራት ሆነን የስልክ አፕ ሠራን፣ ኻላ። ሐጅ ላይ ከጓደኞቹ ተለይቶ የጠፋ ሰው አንዴ ሲነካው ያለበትን ቦታ ለእነሱ ያሳያል።»

«ማሻአላህ! ሠራ ታዲያ?»

«ልንሞክረው መካ ውስጥ ዓዚዚያ ሰፈር ሄድን። ግን እናቶቻችን ‹እጅ ለእጅ ተያያዙ› ስላሉን ሳንለያይ ዋልን።»

«እና ማን ጠፋ?»

«ማንም! አስተማሪያችን ሳቀችብን።»

«ኧረ ያረቢ! ከዚያስ?»

«በማግስቱ እኔ ልጥፋ አልኩ። ብቻዬን ስቀር በፍርሃት ተጣደፍኩ፤ ስልኩ ላይ የምትነካው ምልክት ትንሽ ስለሆነች ደጋግሜ ሳትኳት። የጠፋ ሰው እንደሚፈራ ለካ አንዳችንም አላሰብንም። አሁን ትልቅ አደረግናት።»

«አገኙሽ?»

«በስንት ሙከራ ስነካት እየሮጡ መጡ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሴትዮዋ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው አዩት።

«ወንዱ ልጄ ከአገር ቤት በባሕር እመጣለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። በዝግ ስልክም ይሠራል?»

«አይሠራም፣ ኻላ… ለጓደኞቼ ግን እነግራቸዋለሁ።»

«ንገሪያቸው እስቲ የኔ ልጅ። እናንተ አራት ናችሁ፤ መላ አታጡም።»

እኔም ከቤት እንዳይደውሉብኝ ዘግቼው የነበረውን ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩት።