ሐዲዱ የተነቀለበት መንገድ

(በምዕራብ ፈረንሳይ ገጠር፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት በነበረ፣ ዛሬ ግን ከሳይክል በቀር ምንም ዝር በማይልበት መንገድ ዳር፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከድሬዳዋ የመጡት ጡረተኛው ባቡር ነጂ ካሳዬና ባለቤቱ እቴነሽ ሳይክላቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው።)

ካሳዬ፦ አቦ አታናጂኝ! ሐሙስ አብረን ወደ አገራችን እንበራለን፤ አበቃ!

እቴነሽ፦ አትጩህ። እዚህ መኪና የለ፣ ባጃጅ የለ፤ በሹክሹክታም ትሰማለህ። አልሄድም አልኩህ። እዚሁ ናንት ከተማ፣ ልጄ ሮማን ጋ እቀራለሁ።

ካሳዬ፦ ለባል እንዲህ ነው የሚነገረው? ቁርስ ላይ፣ ዳቦ እየቀባሽ፣ “ቅቤውን አቀብለኝ፤ እኔ እንኳ አልመለስም”?

እቴነሽ፦ ታዲያ ሽማግሌ ልላክብህ?

ካሳዬ፦ ተናግረሽም አላበቃሽ፤ ሳይክሉ ላይ ፊጥ ብለሽ እብስ! ስንት ጊዜ ተጣርቼ ነው የቆምሽልኝ? ይኸን ቅል የመሰለ ነገር ጭንቅላቴ ላይ አስራችሁ፣ በስተርጅና ሳንባዬን ልታወጡት ነው?

እቴነሽ፦ ቅሉን ያሰረችልህ ልጅህ ናት፤ ስትወድቅ ጭንቅላትህ እንዳይፈነከት ብላ። ደግሞ ምን አደከመህ? ሻንጣችን በመኪና ቀድሞን ይሄዳል፣ መንገዱ ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው።

ካሳዬ፦ ዳገት የሌለው ለምን ይመስልሻል? የባቡር መንገድ ስለሆነ ነዋ! ባቡር ዳገት አይወድም። ስንት ድልድይ ተሠርቶ፣ ስንት ኮረብታ ተቆርጦ፣ ሐዲዱን ነቅለው ለሽርሽር! ባቡር ያስተማሩን እነሱ አይደሉም እንዴ? ትናንት ሻይ የጠጣንበት ቤት እኮ ጣቢያ ነበር። ትኬት በሚቆረጥበት መስኮት አይስክሬም ይሸጣሉ! እንባዬ ነው የመጣው።

እቴነሽ፦ አይቼሃለሁ፣ ለብረት ስታለቅስ።

ካሳዬ፦ ብረት ትለዋለች! እንጀራሽ እኮ ነው። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።

እቴነሽ፦ እኔ ደግሞ መንገዱን ወድጄዋለሁ። ግራና ቀኙ ስንዴ፣ ላሞቹ ቀና ብለው አይተውህ ተመልሰው ይግጣሉ። ጥሩምባ የለ፣ ግፊያ የለ። ከተጋባን ጀምሮ ጆሮዬ ያረፈው ገና አሁን ነው።

ካሳዬ፦ ዝም በይ፣ ሰው መጣ። ቦንዡር መዳም! ቦንዡር መሲዬ! ዊ፣ ዊ፣ ትሬ ቦ! ትሬ ቦ! … አለፉ። እኩዮቻችን ናቸው እኮ! እያቸው፣ ጎን ለጎን ሆነው ሲሄዱ ሲያምሩ።

እቴነሽ፦ እሱ ሚስቱን እየጠበቀ ነው የሚነዳው።

ካሳዬ፦ እኔ ደግሞ ሚስቴን እያባረርኩ! ይኸ ሳይክል ነው ያበላሸሽ። ሮማንን ነው የምወቅሰው። “አባዬ የባቡር መንገድ ስለሚወድ ደስ ይለዋል” ብላ ተከራየችልን፤ እኔን በሬሳ ላይ አስኬደችኝ፣ ላንቺ ክንፍ አበቀለችልሽ።

እቴነሽ፦ ሳይክል ላይ አይደል ያደግሁት? የሳይክል አከራዩ የዳምጠው ልጅ ነኝ። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ እጄን ለቅቄ ስነዳ አይደል አይተህ የወደድከኝ? ካገባኸኝ በኋላ ግን “የባቡር ነጂ ሚስት እግሯን አንፈራጥጣ!” ብለህ አስወረድከኝ።

ካሳዬ፦ ጊዜው ነበራ! ሰው ምን ይል ነበር?

እቴነሽ፦ ሰው፣ ሰው፣ ሰው! ዕድሜ ልኬን “ሰው ምን ይላል” ብዬ ቁጭ አልኩልህ። እዚህ የሚያየኝ ላም ነው።

ካሳዬ፦ በምን ቋንቋሽ ልትኖሪ ነው? ዳቦ መግዛት አትችይ!

እቴነሽ፦ ሮማን ታስተምረኛለች። አንተስ ብትሆን ከ“ትሬ ቦ” ወዲያ የት ትደርሳለህ?

ካሳዬ፦ እሺ፣ አንቺስ ልጅሽ ጋ ነሽ። እኔስ? ከግድግዳ ጋር ላውራ? ብታመም ውሃ የሚያቀብለኝ ማን ነው? ዕድርተኛው ሁሉ “ሚስቱ ፈረንሳይ ጥላው ቀረች” እያለ ሲሳለቅብኝ ይታይሽ። ካረጁ አይበጁ አሉ።

እቴነሽ፦ ዛሬ ቤት ትዝ አለህ? ባቡሩ በነበረ ጊዜ እኮ የምታድረው አፍደም ጣቢያ ነበር።

ካሳዬ፦ ሥራ ነዋ! በበረሃ የተቃጠልኩት ለማን ብዬ ነው? ውለታ ቢስ! ረሳሽው? ድሬ ስገባ ሁለት ባጭሩ፣ አንድ በረጅሙ! ነጂ ሁሉ የየራሱ ጥሪ ነበረው፤ የኔን ግን ከዚራ ሙሉ ያውቀው ነበር። ገና ጥሩምባውን ስነካው “የእቴነሽ ባል ገባ!” ይባላል። እስቲ የማን ሚስት ናት በባቡር የተጠራች?

እቴነሽ፦ እሱን ባታነሳው ይሻልህ ነበር።

ካሳዬ፦ ለምን አላነሳውም? ደስ ይልሽ አልነበረም?

እቴነሽ፦ ይለኝ ነበር! እሱን ሰምቼ ነው ወጥ የምጥደው፣ እሱን ሰምቼ ነው ፀጉሬን የምነካካው። ጎረቤት ሲቀናብኝ እኮራ ነበር፣ ሞኟ! … ካሳዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ምነው ደግ ሆንክ?

ካሳዬ፦ አሁን ደግሞ ደግነትም ወንጀል ሆነ?

እቴነሽ፦ ከገበያ ፓፓያ ይዘህልኝ ትመጣለህ። ማታ “ወገብሽን እንዴት አደረገሽ?” ትለኛለህ። ወገብ እንዳለኝ ያወቅኸው ገና አምና ነው እንዴ? መቼ እንደጀመረህ ልንገርህ? አፍደም ለቅሶ ደርሰህ ስትመለስ።

ካሳዬ፦ የሥራ ባልደረባዬ ሞቶ ነዋ! ሞት ሰውን አያለሰልስም?

እቴነሽ፦ ያለሰልሳል። ባልደረባህ ስሙ ማን ነበር?

ካሳዬ፦ ብነግርሽስ የት ታውቂዋለሽ?

እቴነሽ፦ አውቀዋለሁ። ጌጤነሽ ነው ስሙ።

ካሳዬ፦ … ማነው የነገረሽ?

እቴነሽ፦ አንተ።

ካሳዬ፦ እኔ? ቀባጠርሽ!

እቴነሽ፦ “አፍደም ባልደረባዬ ሞተ” ብለህ ወጣህ። የባሌ ባልደረባ ሞቶ ሚስቱን ሳላጽናና ብቀር ነውር ነው ብዬ፣ ለሠልስቱ ጥቁሬን ለብሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ላስደስትህ! “ሚስቴ አላሳፈረችኝም” እንድትል! አፍደም ወርጄ “የድሬው ባቡር ነጂ ካሳዬ የመጣበት ለቅሶ የት ነው?” ስል፣ ሰው ሁሉ አወቀው። እየመሩ ወሰዱኝ። ድንኳን ገብቼ “የሟች ሚስት የትኛዋ ናት?” ብዬ ጠየቅኩ። ሴቶቹ ተያዩ። “ሟቿ እኮ ሴት ናት እናቴ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን” አሉኝ።

ካሳዬ፦ ኧረ በማርያም!

እቴነሽ፦ ማርያምን ተዋት። ተሳስቻለሁ ብዬ ልወጣ ስነሳ አልቃሿ ጀመረች። ምን ብላ መሰለህ?
“ሁለት ባጭር ጮኾ አንዱን ሲያስረዝም፣
ጌጤዬ ሳትወጣ ባቡሩ አይቆምም።”

ካሳዬ፦ እቴ …

እቴነሽ፦ የኔን ጥሪ! የኔን! ሌላ አጣህ? ሦስት ባጭሩ ብትላት ምን ነበረበት?

ካሳዬ፦ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እጄ ለምዶት …

እቴነሽ፦ እጅህ! እጁ ነው አጥፊው፣ እሱ የለበትም!

ካሳዬ፦ እና … እዚያው ድንኳን ውስጥ ምን አደረግሽ?

እቴነሽ፦ ምን አደርጋለሁ? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አጠገቤ የነበሩት “ምን ያህል ብትወዳት ነው!” እያሉ ውሃ አጠጡኝ።

ካሳዬ፦ በድያለሁ፤ እሺ። ግን ሞታለች እኮ! አልቋል። በሞተ ሰው ይቀናል?

እቴነሽ፦ በእሷ? እሷማ እንደኔው ናት፤ ባቡር ስትጠብቅ ነው ያረጀችው። እኔን ያሳረረኝ ሌላ ነው። የድንኳኑ በር ላይ አንድ ጎልማሳ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል፣ ብቻውን፤ ወንድም የለው፣ አጎት የለው። ግንባሩ ያንተ፣ አቋቋሙ ያንተ። አንተ ደግሞ ከዛፉ ሥር እንደ እንግዳ ካርታ ትጫወታለህ።

ካሳዬ፦ ለቅሶ ቤት ካርታ ያለ ነው …

እቴነሽ፦ ያለ ነው፣ ለባዕድ! ካርታህን ጨርሰህ ተነሳህ፣ ሱሪህን አራገፍክ፣ ሄደህ ጨበጥከውና “እግዜር ያጥናህ ወንድሜ” አልከው። ወንድሜ! ልጅህን ካሳዬ፣ ልጅህን!

ካሳዬ፦ የድሬ ሰዎች ነበሩ እኮ! ምን ላድርግ? ላንቺው ስም ብዬ ነው።

እቴነሽ፦ በኔ እንዳታመካኝ! እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ከበሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር፤ በአጠገቤ አለፍክ፣ አላየኸኝም። ሚልክያስ ግን እስክትሰወር ድረስ በዓይኑ ሸኘህ። ይመለሳል ብሎ ነው። ካንተ የተለየሁት ያን ዕለት ነው። ሌላውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ በቻልኩት ነበር።

ካሳዬ፦ ስሙን … ስሙን ከየት አወቅሽ?

እቴነሽ፦ ጠየቅኩታ። “አባትህስ ማን ነው?” ስለው የራሱን ስም ብቻ ደገመልኝ። አንተን አላስነካም፣ አየህ? ደብቆሃል።

ካሳዬ፦ ታዲያ ይኸን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?

እቴነሽ፦ እስክትነግረኝ ጠብቄ ነዋ! ዓመት ሙሉ። እዚህም መጥተን፣ ሰው በሌለበት መንገድ ጎን ለጎን ስንነዳ፣ “አሁን ይናገራል፣ ያቺ ድልድይ ጋ ስንደርስ ይናገራል” እያልኩ። እዚህ ያልተናገረ ሰው የት ይናገራል? አንተ ግን የምታወራው ስለ ሐዲድ ነው።

ካሳዬ፦ ይኸው ተናገርን አይደል? ወጣልን። አሁን ተናገርኩ።

እቴነሽ፦ መች ተናገርክ? ተያዝክ እንጂ።

ካሳዬ፦ እሺ! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ቅሪ! ማንም አይለምንሽም! ላሞቹ ይጡሩሽ! እኔ ቤቴ ገብቼ፣ ብቻዬን ቀቅዬ በልቼ፣ በሬን ዘግቼ እሞታለሁ!

እቴነሽ፦ ቤቱ የአባቴ ነው።

ካሳዬ፦ ይሁና! ከቤትም ልታባርሪኝ ነው?

እቴነሽ፦ አላባርርህም። ዕድሜህን ኑርበት።

ካሳዬ፦ እንግዲያው ቁልፉን ወዲህ በይ! ስንወጣ የቆለፍሽው አንቺ ነሽ። አምጪ እንጂ! ምን ታይኛለሽ?

እቴነሽ፦ እኔ ጋ የለም። ልንሳፈር ስንል “ጎረቤት ልሰናበት” ብዬ ወጥቼ፣ ከአፍደም አስመጥቼ እዚያ ላስቀመጥኩት ለሚልክያስ ሰጥቼዋለሁ፤ ዕቃውን ይዞ ገብቶበታል። ስትደርስ አንኳኳ። “ማን ልበል?” ይልሃል፤ የምትመልስለትን ካሁኑ አስብበት።