የማያቋርጠው ሰደቃ

ጣሊያን ጎሬን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ የመቱው ቡና ነጋዴ ሐጂ ሸምሰዲን ከጎሬ ሲመለሱ ዶፍ ያዛቸው። በቅሏቸውን ወደ አንድ ብቸኛ ዋርካ አዞሩ። ከሥሩ ሊጠለሉ ሲሉ አንድ ወጣት ሮጦ ደረሰና ልጓሙን ይዞ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ወሰዳቸው። ሁለቱም እስኪበሰብሱ ዝናብ መታቸው፤ ዋርካውን ግን መብረቅ አልነካውም።

ሐጂ ተቆጥተው ምክንያቱን ጠየቁት።

«መብረቅ ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመውን ይመታል፣ ሐጂ። ፊዚክስ በሚባል ትምህርት የተማርሁት ነው» አለ።

ወጣቱ ወንድይራድ ይባላል። ፊዚክስ አስተማሪ ለመሆን አዲስ አበባ ሲማር ጠላት ገባና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ጣሊያን የተማረውን እያሳደደ ስለ ነበር መቱ መጥቶ ቡና አበጣሪ ሆነ። መዘዙን ፈርተው ዘመዶቹ እንኳ ሸሹት፤ የሚያውቀውን የሚያወራለት ሰው አልነበረውም።

ሐጂም የቤታቸውን ሐዘን ነገሩት። አንድ ልጃቸው ሙሐዲን ባለፈው ክረምት በኖፓ መንገድ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ መብረቅ ገድሎታል። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ሰው እየሞላበት ጭር ያለ ነበር።

«ልጄን የገደለው አለማወቅ ነው ልትለኝ ነው? የአላህ ውሳኔ አይደለም?»

«ውሳኔውን እኔ አላውቅም፣ ሐጂ። የማውቀው፣ ልጅዎ ከዛፉ ራቅ በል የሚለው ሰው እንዳላገኘ ነው።»

ሐዘንተኛ ሰው እውነት ሲነገረው መጀመሪያ ይቆጣል፤ በኋላ ግን የነገረውን ሰው ይፈልገዋል። ሐጂም በገበያ ቀን ወጣቱን መጋዘናቸው ያስጠሩት ጀመር። እርሱም ትምህርቱ በጅምር እንደ ቀረ፣ በጋምቤላ በመርከብ ካርቱም ቢደርስ ሊጨርሰው እንደሚችል፣ ባለጸጎች አንድ ተማሪ ቢያስተምሩ ተማሪውም ተመልሶ ልጆቻቸውን ቢያስተምር ለአገር እንደሚበጅ አጫወታቸው። ሐጂ አልተቀበሉትም። በጠላት ዘመን የሚያስፈልገው ጠመንጃ ነው አሉ። ያላቸውንም ለሙሐዲን ሙት ዓመት ሰደቃ አስበውታል።

«ደግሞም» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሄደህ ከቀረህ ሁለተኛ ልጅ ቀበርሁ ማለት ነው።»

ወንድይራድ እንዲህ ያለ ቃል ከሰማ ቆይቶ ነበር።

«እንደማልቀር ከመሐላ በቀር ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን ጠላት አንድ ቀን ይሄዳል። ያን ቀን ትምህርት ቤት ቢከፈት ከልጆቹ ፊት ማን ይቆማል? ቡና እንኳ ተተክሎ ዓመታት ያስጠብቃል፤ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አስተማሪም ዛሬ ካልተተከለ በዚያን ጊዜ አይለቀምም።»

ሐጂ ያን ሳምንት ብዙ አሰላሰሉ። ሰው ከሞተ በኋላም የማያቋርጥ ሰደቃ አለ፣ የሚጠቅም ዕውቀት ከዚያ ይቆጠራል ሲሉ ከሼኮቻቸው የሰሙት ትዝ አላቸው። በመጨረሻ ጠርተውት፣ «ሙት ዓመቱን በዱዓና በጥቂት ማዕድ አደርገዋለሁ። የቀረው የአንተ መማሪያ ነው፤ በሙሐዲን ስም ትማራለህ፤ ተመልሰህም መቱ ታስተምራለህ» አሉት። ዘመዶቻቸው ለክርስቲያን ልጅ ብለው ሙታቸውን አዋረዱ እያሉ አሟቸው። እርሳቸው ግን ከቡና ጫኞቻቸው ጋር አጓጓዥ አስመስለው ወደ ጋምቤላ ላኩት።

የተከተሉት ዓመታት ከፊተኞቹ ይልቅ ጭር አሉ። ሐጂ መግሪብ ሰግደው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ጣሊያን ወጣ፤ ወንድይራድ ግን አልመጣም። ያሟቸው ዘመዶቻቸው «ብለን ነበር» አሉ።

በኋላ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ፣ መጣ። መቱም ፊዚክስ አስተማረ። ካስተማራቸው አንዳንዶቹ ጎሬና ኖፓ ሄደው አስተማሪ ሆኑ፤ ሌሎች ነጋዴዎችም አይተው በሙታናቸው ስም ተማሪ ማስተማር ያዙ። አንድ ሰው በማስተማር ብዙ ቤት እንደሚበራ አገሩ በዓይኑ አየ።

ወደ ከተማው አዲስ የመጡ ሰዎች ሐጂን «የመምህሩ አባት» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። እርሳቸውም አላረሟቸውም።