መልሱ ከጥያቄው ሲቀድም

— ሄሎ… ሄሎ? … እንዴ! ሚጡዬ! እኔ ደግሞ ደንበኛ መስሎኝ ድምፄን አወፍራለሁ። … ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። እናትሽም ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። አንቺስ? በልተሻል? … እውነት በልተሻል ወይስ አፌን ለማስያዝ ነው?

— ቆይ አንዴ… መርፌ! ያንን የወረቀት መቁረጫ አጥፊልኝማ፣ ልጄ ናት! … መርፌ ሰላም ትልሻለች። … የቷ መርፌ? ረሳሻት እንዴ! ጥራዙን የምትሰፋልኝ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሙሉ የምትፈልገው። … አዎ፣ እሷ። … ዛሬም ግንባሯ ላይ ነው። እየሳቀች ነው።

— አሁን ይሰማሻል? … ፊልሙን አየነው! ትናንት፣ እኔና እናትሽ። አንቺስ አየሽው? … ጎሽ፣ ቃል አከበርሽ። … እኔማ ምን ልበልሽ፣ «የካርቱን ፊልም የልጅ ነው» ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ አዳራሹ ውስጥ ከኔ በላይ ሽማግሌ አልነበረም። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ልጆች ፊልሙን ትተው ዞረው ዞረው እኛን ያያሉ። እናትሽ «እኛንም ከፊልሙ ቆጠሩን» አለችኝ።

— እስቲ አንቺ ጀምሪ። እኔ እሰማለሁ። … እህ… እህ… ልክ ነሽ፣ ቀለሙ። ማንጋው፣ ያ የጃፓን የሥዕል መጽሐፍሽ፣ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እኔ የልጅቷን ካፖርት በሐሳቤ ሰማያዊ አልብሼያት ኖሬ፣ እነሱ ቀይ አደረጉት! … ቀይ አይከፋም። ግን ሰው ለምዶ የያዘውን ልብስ ሳያስፈቅዱ ሲቀይሩበት ትንሽ ይበርደዋል። … ሳቂ፣ ሳቂ። ሳቅሽን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

— የአባትየውስ ድምፅ? … ቀጭን! ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ! ያ ሁሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ፣ መርከብ ከዓለት እንዳይጋጭ ማማው ላይ ሆኖ መብራት የሚያዞር ሰው እንደዚያ ይናገራል? ደግሞስ መጽሐፉ ላይ መቼ ብዙ ይናገራል? ፊልሙ ግን ዝም ማለት አይችልም። ደረጃውን ብቻውን የሚወጣበት ትዝ ይልሻል? ስንት ገጽ ሙሉ ቃል የለም። እግሩና ግድግዳው ብቻ። እኔ እዚያ ስደርስ ገጹን እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ብዬ ነው የምገልጠው፤ ሰው የሚጸልይበት ቤት የገባሁ ይመስለኛል። እነሱ እዚያ ላይ ሙዚቃ ደፉበት። ከበሮ ሁሉ አለው!

— … እሱስ እውነት ነው። መብራቱን አልክድም። ወረቀት ላይ መብራቱ ነጭ መስመር ነው፣ ቆሟል። ፊልሙ ላይ ግን ባሕሩን እየዳበሰ መጣ፣ መጣ፣ መጣና የሁላችንንም ፊት ነክቶ አለፈ። ያኔ እናትሽ እጄን ያዘች። … አዎ፣ እናትሽ! ሰው መሐል! «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ዝም ብለህ እይ» አለችኝ።

— የመጽሐፉን ዳቦ ጋጋሪ ግን ከፊልሙ ለምን አስቀሯት? … ጊዜ አጥሯቸው! ለዚያች ለምትንጫጫ ዳክዬ ግን ጊዜ አላጡም። ዳክዬ መጽሐፉ ላይ አለች እንዴ? … እኮ! አምልጣኝ እንዳይሆን ብዬ ቤት እንደገባሁ ገጹን ሁሉ በረበርኩ። እናትሽ «ምን ጠፋብህ?» ብትለኝ «ዳክዬ» አልኳት።

— ይሁን፣ ይሄ ሁሉ ይታለፋል። ቀለም ነው፣ ድምፅ ነው፣ ዳክዬ ናት። እኔን ያሳዘነኝ መጨረሻው ነው። … እንዴት «ምኑ?» ትይኛለሽ! መጨረሻውን ገለበጡት እኮ! … እሺ ቀስ ብዬ ልንገርሽ። መጽሐፉ ሲከፈት አባትየው ብቻውን ማማው መስኮት ላይ ነው፤ ጀልባዋ ከሩቅ ነጥብ ታክላለች። ቀስ እያለች ትቀርባለች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ማማው አድርጋ እጇን ታውለበልባለች። ትደርሳለች፣ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች፣ ከአባቷ ጋር ይኖራሉ። ከዚያ እያነሰች፣ ሕፃን እየሆነች… እሱን እኔ በምሳሌ ነው የተረዳሁት። አባቷ ቤት የገባች ልጅ ዕድሜዋ ቢገፋም ሕፃን ትሆናለች ማለታቸው ነው ብዬ። ፊልሙ ግን ልጅቷን አሳድጎ አሳድጎ ጀልባ ላይ ጫናትና የአዳራሹን መብራት አበራ! ሰውየው ብቻውን ቀረ። ይሄ ምን ይባላል?

— … ሄሎ? ሚጡ? ትሰሚኛለሽ? … አለሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ።

— ምን ማለትሽ ነው፣ «መጽሐፉም ሄዳ ነው የሚያልቀው»? … አይ፣ የኔ ልጅ፣ ፊልሙ አምታቶብሽ ነው። እኔ እኮ የፈረንጅኛ ትርጉሙን ቃል በቃል በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ሲያልቅ እንደ አዲስ እየጀመርኩ ነው የኖርኩት። … አሁን? አጠገቤ ነው፣ መደርደሪያው ላይ። ቆይ፣ እጄ ኮላ ነው… መርፌ፣ ጨርቁን ወዲህ በዪልኝ… አመሰግናለሁ።

— ይኸው ያዝኩት። ስልኩን በትከሻዬ ይዤዋለሁ። … ከየት ነው የምጀምረው? ከፊቱ ነዋ! … ፊቱ የቱ ነው ይባላል? የማንኛውም መጽሐፍ ፊት! የተሰፋበትን ጀርባውን ወደ ግራ አድርጌ፣ ሽፋኑን በቀኝ እጄ… ምን ያስቃል? … አንቺ ልጅ፣ ንገሪኝና አብረን እንሳቅ።

— … ጃፓኖች የሚያነቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። … መጽሐፉ በሙሉ? … ሥዕሎቹም ከቀኝ ወደ ግራ? … አይሆንም። እንደዚያ ቢሆን ምልክት አይኖረውም? … «ከዚህ አይጀመርም» የሚል ገጽ? በየት በኩል? … እኔ መጀመሪያ በምለው በኩል።

— … ጌታ ሆይ። አስታወስኩት። ልጅቷ መዳፏን ዘርግታ «ቁም» የምትልበት። ማስታወቂያ መስሎኝ ነው! ያኔ ከቋንቋው አንድ ቃል አልለቀምኩም። መጽሐፉ እጄ ሲገባ ጀርባው ተገንጥሎ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አዲስ ሽፋን ሳለብሰው ያንን ገጽ ካርቶኑ ላይ ለጠፍኩትና ጥሩ ወረቀት ደረብኩበት። ስሙንም በወርቅ ቀለም በዚያው በኩል አተምኩ። … ሳቂ እንጂ! ሙያዬ ጉድ ሠራኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ገጹን አይቶ «ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ጠራዥ ነኛ፣ አሳምሬ ለጠፍኩበት!

— መርፌ! ሰማሽ? ከጭራው ነው ሳነበው የኖርኩት! … ምን ትላለች መሰለሽ? «ተውሼ ሳነበው ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አንተን ስለማከብር ዝም አልኩ» ትላለች።

— … «እንዴት አልጠረጠርክም?» ነው የምትይኝ? ምን ልበልሽ… መግረሙስ ይገርመኝ ነበር። ሻዩን ይጠጡና ውኃ ይጥዳሉ። ልጅቷ ትበሰብስና ዝናቡ ኋላ ይመጣል። የጥበብ ሰዎች ናቸው፣ እንደኛ አያስቡም አልኩ። … ንግግራቸውማ! ልጅቷ «አዎ አባዬ፣ ጠረግሁ» ትላለች፤ ከዚያ አባትየው «ደረጃውን ጠረግሽ?» ይላታል። ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል። እኔ ደግሞ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ቢተዋወቁ ነው ሳይጠያየቁ የሚመላለሱት ብዬ… ቀናሁባቸው እልሻለሁ። እኔና ልጄም እንዲህ በሆንን ብዬ።

— ስትስቂ ይሰማኛል። … ሚጡዬ? … እያለቀስሽ ነው እንዴ?

— … እሺ። … እሺ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። እኔ የትም አልሄድም። መርፌ፣ ኮላውን ክደኚልኝ።

— … እህ። … እየሰማሁሽ ነው። … ባለቤቱ? የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያው ባለቤት? … አውቃለሁ፣ ይወድሻል፤ እጅሽ ወርቅ ነው። እኔም ሰው «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ «እግር» ብዬ ዝም እላለሁ፤ ግራ ሲጋቡ ደስ ይለኛል። … አቋረጥኩሽ፣ ቀጥዪ። … ከሥራ ሊያርፍ ነው። ደክሞታል። … ወርክሾፑን አንቺ ያዢው አለሽ። … መልሱን መቼ ነው የሚፈልገው? … ዛሬ።

— … ስለዚህ ኮንትራቱ ሲያልቅ… እዚያው ሰው አገር ልትቀሪ ነው። … አይ፣ አልተቆጣሁም። ድምፄ እንዲህ የሆነው ስልኩን በትከሻዬ ስለያዝኩት ነው።

— አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን መጽሐፍ ስትሄጂ አልጋዬ ላይ የተውሽልኝ… ያኔም «ልቤ እዚያ ነው» ልትዪኝ ነበር? … ከአፍሽ አልወጣ ብሎሽ። … አንብቦ ይረዳኛል ብለሽ። … እኔ ደግሞ ከጭራው አንብቤ፣ ልጅ ስትሄድ ሳይሆን ስትመለስ አየሁ! በየመጨረሻው «ተመስገን፣ ገባች» እያልኩ ነው የምዘጋው። ክፍልሽን ሁሉ ቀለም ቀብቼ… «አውቃለሁ» ትያለሽ? ማን ነገረሽ? … እናትሽ። … እሷም የወርክሾፑን ነገር ታውቃለች?

— አሃ። ለዚህ ነዋ! ግድግዳውን ስቀባ በሩ ላይ ቆማ «ያምራል፣ ያምራል» እያለች ዓይኗን የምታሸሽብኝ። ሲኒማ ቤቱም ውስጥ እጄን የያዘችው… እኔ መብራቱ አስደንግጧት መስሎኝ! … አይ፣ አልቆጣትም። እሷን ተቆጥቶ ያሸነፈ የለም።

— … ምን? … «እምቢ እለዋለሁ»? … ለኔ ብለሽ? … ቆይ። አንድ ጊዜ ዝም በይ፣ የኔ እናት። መጽሐፉን ልገልብጠው። … በቀኝ በኩል ነው ያልሽኝ አይደል? በዚህ በኩል ከፍቼው አላውቅም። እንዴት እጅ ላይ እንግዳ ይሆናል!

— … እዚህ ጠረጴዛ አለ። ትንሿ ልጅ ወንበር ላይ ናት። አባትየው ተንበርክኮ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረላት ነው። … አውቀዋለሁ፣ ይሄ የኔ መጨረሻ ነው። እዚህ ሥዕል ላይ ስንት ጊዜ ልቤ ረግቶ መጽሐፉን ዘግቻለሁ። … ግን አንድ ነገር አስቤ አላውቅም። እቤት ውስጥ ተቀምጣ ለምትቀር ልጅ ማን ጫማ ያስራል? ጫማ የሚታሰረው ለመሄድ ነው። ሰውየው ከመጀመሪያዋ ገጽ ጀምሮ ለመንገድ ሲያሰናዳት ነበር። እኔ ነኝ የሚያወልቅላት የመሰለኝ።

— አንቺንም እኔ ነኝ ጫማ ማሰር ያስተማርኩሽ። ትዝ ይልሻል? ግራውን በቀኙ ታደርጊው ነበር። … አዎ፣ «ከማን ወረስኩት» በይ! … አሁን ደግሞ ጫማ የሚታሰርበት እግር ለሌለው እግር ትሠሪያለሽ። ይሄን ትተሽ ነው እኔ ጋ መጥተሽ አዲስ የተቀባ ግድግዳ የምታዪው?

— ስሚኝ። ልትጠይቂኝ የፈለግሽው አንድ ጥያቄ አለ፣ አይደል? … አትጠይቂኝ። ገና ነሽ። እኛም እንደነሱ እንሁን፤ እኔ አስቀድሜ ልመልስ፣ አንቺ ኋላ ትጠይቂኛለሽ። … ተዘጋጀሽ? … «አዎ፣ ልጄ። እሺ በዪው። የሠራሽው እግር ሁሉ ደኅና መንገድ ይርገጥ። እግዚአብሔር ከእጅሽ ጋር ይሁን።»

— … አይዞሽ። … አይዞሽ፣ እኔም ደኅና ነኝ። መርፌ አጠገቤ ናት፤ አፍንጫዋን እየጠራረገች ጉንፋን ነው ትላለች። … ክፍልሽ? ቀለሙ አይባክንም። ለዕረፍት ትመጪበታለሽ። ጀልባ ወዲያም ወዲህም ነው የሚሄደው። … እና ደግሞ የመጽሐፉ ልጅ ፊቷ ወደ ማማው ነው፣ እሱን አልተሳሳትኩም! ስትሄድም ቢሆን ወደ አባቷ ነው የምታየው። … እሱንስ ፊልሙም አልነካው። ይመስገኑ፣ ዳክዬዋን ይቅር ብያቸዋለሁ።

— መጽሐፉን? አላፈርሰውም። ስሙን በዚህኛውም ሽፋን ላይ በወርቅ አትምበታለሁ። ከዚህ ለሚከፍተው ትሄዳለች፣ ከዚያ ለሚከፍተው ትመጣለች። ሁለቱም እውነት ነው።

— ሰዓቱ ደረሰ? … በይ ሂጂ፣ ሽማግሌ አታስጠብቂ። … እናትሽንስ እኔ እነግራታለሁ። ምን እንዳወቅሁ ሳልነግራት ግን ትንሽ አጫውታታለሁ፤ እሷም ትቅመሰው። … እኔም፣ የኔ ልጅ። እኔም በጣም።

— ኧረ ቆይ፣ ጥያቄው ቀረ እኮ! አሁን ጠይቂኝ፣ ተራሽ ነው። … ሄሎ? … ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው… «አባዬ» ካልሽ በኋላ አልሰማሁም… ሄሎ? ሚጡ?

— … ተቋረጠ።

— ተዪው መርፌ፣ መልሼ አልደውልም። መልሱ ቀድሞ ደርሷታል።