ያልተነካው የወ/ሮ ውቢት ድርሻ

የምስክር ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ቢቸና ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ
ቀንና ሰዓት፦ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
የምስክር ስም፦ ኸይራት ሙሐመድያሲን
ዕድሜ፦ 29
የትውልድ ቦታ፦ ሞጣ
አድራሻ፦ ቢቸና፣ ቀበሌ 02፣ በኪራይ ቤት
ሥራ፦ በጋራ መረጃ ማዕከል የኮምፒውተር ባለሙያ
ተጠርጣሪ፦ አቶ ደምለው ሽታሁን፣ የዚያው ማዕከል ባለሙያ
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ባዘዘው ስጦታው

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ እውነቱን ብቻ እንድናገር ከተነገረኝ በኋላ ያየሁትንና የማውቀውን እንደሚከተለው ተናግሬያለሁ። ሰው የኮምፒውተር ነገር ሲነሳ ጆሮውን ስለሚደፍን በዝግታ እናገራለሁ፤ መርማሪውም በዝግታ እንዲጽፉልኝ ጠይቄያለሁ።

በማዕከሉ ስሠራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ቤተሰቦቼ ሞጣ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። እኔ እዚህ የምኖረው ብቻዬን ነው። በማሽን ክፍሉ የምንሠራው ሦስት ነበርን፤ አቶ ደምለው፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ ውቢትና እኔ። ወ/ሮ ውቢት በጥር ወር ስላረፉ ሁለት ቀረን። አቶ ደምለው ከታሰሩ ወዲህ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ምሳዬን እዚያው ስበላ ከማሽኑ ማራገቢያ በቀር የምሰማው ድምፅ የለም፤ ሰው ናፍቆኛል።

ተጠርጣሪው ያደረጉትን ለማስረዳት የማሽኑን ጠባይ መናገር አለብኝ። ማሽኑ ሜይንፍሬም የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ፣ ዕድሜው የገፋ ነው። አንድ ሆኖ ሳለ በውስጡ ብዙ ኮምፒውተሮች ያሉ ያህል ስለሚሠራ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ኮምፒውተር ያለው ይመስለዋል። መረጃ የሚቀመጥበትን ዲስክ ግን እንደ ማሳ ሸንሽነን እናከፋፍለዋለን። ለአንዱ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር እንሰጣለን፤ ለሌላው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን እንሰጣለን። አዲስ ድርሻ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጸዳል፤ ሲጸዳ በላዩ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ገበሬ ድንበር ቢገፋ ጎረቤቱ ይጮኻል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ማሽኑ ግን አይጮህም። በአንዱ ድርሻ ላይ ሌላውን ደርበው ቢሰጡትም እሺ ብሎ ይሠራል።

ወ/ሮ ውቢት በጥር መጀመሪያ ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ሄደው እዚያው አረፉ። አቶ ደምለው ለቅሶ ላይ ሳሉ የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ድርሻ ጠበበው። ስለዚህ በኃላፊያችን በወ/ሮ ይርገዱ ትእዛዝ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሬ አሰፋሁለት። ይህንንም ማሽኑ ላይ አስመዝግቤያለሁ። ለአቶ ደምለው ግን አልነገርኳቸውም። ለቅሶ ቤት በየቀኑ እሄድ ነበር፤ ሐዘንተኛ ፊት ተቀምጦ የቢሮ ሥራ የሚያወራ ሰው በእኛ አገር አሳዳጊ የበደለው ነው የሚባለው። ወደ ሥራ ሲመለሱም ፊታቸውን እያየሁ ዛሬ ይቅር፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ረሳሁት።

በመጋቢት ወር ለምርጥ ዘር ሥርጭት ክፍል አዲስ ኮምፒውተር በማሽኑ ላይ እንዲከፈት ታዘዘ። ወ/ሮ ይርገዱ ለዚህ የሚሆነው ዲስክ ከሟች ድርሻ እንዲሰጥ አዘዙ። እኔ በቦታው ነበርኩ። አቶ ደምለው ከወንበራቸው ሳይነሱ፦

«ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ድርሻዋ አይታረስም» አሉ።

ወ/ሮ ይርገዱ «ጋሼ ደምለው፣ ይሄ እኮ ዲስክ ነው፤ ርስት አይደለም» ሲሏቸው፣

«ልጅ አልወለድን፣ መሬት የለን። ለሷ ርስቷ ይሄው ነበር። ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» ብለው መለሱ። ወ/ሮ ይርገዱም አዝነውላቸው ነገሩን ተዉት።

በኢድ ሰሞን ወላጆቼ ዘንድ ሞጣ ሄድኩ። አቶ ደምለው በዚያው ጊዜ ከመሬት ይዞታ ድርሻ ጎን ባዶ መሆኑን የሚያስታውሱትን ቦታ ለምርጥ ዘር ሰጥተው አጸዱት። ቦታው እሳቸው ለቅሶ ላይ ሳሉ እኔ ያሰፋሁት ነበር። መዝገቡን ማሽኑ ላይ ሳያዩ ልባቸውን አምነው ስለሠሩ የሦስት ቀበሌ የይዞታ ፋይል ጠፋ። ስመለስ የማዕከሉ ግቢ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። «ኸይራት፣ የሰው መሬት አጥፍቻለሁ» አሉኝ። ለኃላፊዋ ያመለከቱትም ራሳቸው ናቸው። በድንበር ከሚካሰሱ ሰዎች ጉቦ ተቀብለው ፋይሉን ሆን ብለው አጥፍተዋል የሚለውን ወሬ የሰማሁት ከታሰሩ በኋላ ነው። ጉቦ የበላ ሰው ሮጦ ራሱን አይከስም።

በመርማሪው ስጠየቅ፦ ተጠርጣሪው በየጠዋቱ በማሽኑ በኩል «ውቢት» ለሚባል ተጠቃሚ መልእክት ይልኩ እንደነበር፣ ይህችም ሴት ተባባሪ ትሆናለች ተብላ እየተፈለገች መሆኗ ተነገረኝ። የምትፈለገው ሴት ሟች ባለቤታቸው ወ/ሮ ውቢት ናቸው። አስከሬናቸው እዚህ መጥቶ ሲቀበሩ ግማሹ ቢቸና ነበር፤ ፖሊስም ነበር። መልእክቶቹን ከጎናቸው ስለምቀመጥ አይቻቸዋለሁ። «መብራት መጣ» ይላሉ። «ሽሮው አረረብኝ» ይላሉ። «ኸይራት ሞጣ ልትሄድ ነው፣ ብቻዬን መሆኔ ነው» የሚልም ነበረበት። ማሽኑ በየጊዜው ተጠቃሚዋ አልገባችም ብሎ ይመልሳል፤ እሳቸውም ያነቡትና ወደ ሥራቸው ይዞራሉ። እኔ እንዳላየ ሆኜ ወረቀት አገላብጥ ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ እናቴ ስልክ ሳታነሳልኝ ስትቀር እኔም ደጋግሜ እደውላለሁ። ይህ ወንጀል ከሆነ እኔም ልታሰር።

የጠፋው ፋይል ተመልሷል። ቅጂው በቴፕ ላይ ነበረን፤ ነገር ግን የጠፋበትን ቦታ ፖሊስ ማስረጃ ነው አትንኩ ስላለ የምንመልስበት ሌላ ቦታ አስፈለገ። ከወ/ሮ ውቢት ድርሻ በቀር የተረፈ አልነበረም። ወ/ሮ ይርገዱ አዘዙኝ፤ እሳቸው ባሉበት ከማጽዳቴ በፊት ምን እንዳለበት ለማየት ከፈትኩት። ባዶ ነው። አንዲት ፋይል የለበትም። ዛሬ በድርሻው ላይ ያለው የሦስቱ ቀበሌ ፋይል ነው።

ተጠርጣሪው የሚደብቁትን ነገር ከዚህ ድርሻ ቀድመው አጥፍተው ይሆን ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። አላጠፉም። በማሽኑ መዝገብ ላይ ድርሻው የጸዳው ወ/ሮ ውቢት ወደ ባሕር ዳር ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቀን፣ በራሳቸው በሟች የይለፍ ቃል ነው። መዝገቡ ባይኖርም ነገሩን አውቀዋለሁ፤ አጠገባቸው ነበርኩ። አቶ ደምለው የመኪና ትኬት ሊቆርጡ ወጥተው ነበር።

«እትዬ ውቢት፣ ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«ቤቴን እየጠረግሁ ነው። ለሚመጣው ሰው ቆሻሻ ትቶ መሄድ ነውር ነው» አሉኝ።

«ሊመለሱ አይደል እንዴ?» ብላቸው እጄን ያዝ አድርገው፣ «ለደምለው እንዳትነግሪው። ትመለሳለች ብሎ ይሸኘኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ለቅሶ ላይም ከዚያ በኋላም ለማንም አልተነፈስኩም።

አቶ ደምለው እዚያ ድርሻ ላይ የባለቤታቸው ሥራ ሁሉ እንዳለ እስካሁን ያምናሉ። ሳይነካ እንዲቆይ የተከራከሩለት፣ የታሰሩትም በእሱ የተነሳ ነው። ባለቤታቸው እንደማይመለሱ እያወቁ መሄዳቸውንም አያውቁም። ይህን እንዳይሰሙ ለሟች ቃል ገብቼ ነበር፤ ዛሬ ያወጣሁት ድርሻው ባዶ መሆኑ ካልታወቀ ከጥርጣሬ ስለማይወጡ ነው። ስናገረው አሞኛል።

ይህ ቃል ፍርድ ቤት መነበቡ አይቀርም ተብያለሁ። አቶ ደምለው ቆመው ከወረቀት ላይ ከሚሰሙት አስቀድሜ እኔ በአንደበቴ እንድነግራቸው ይፈቀድልኝ። ሰው የሌላቸው ሰው ናቸው። እኔም እዚህ አገር ከእሳቸው በቀር የለኝም።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። የጨመርኩበትም ያስቀረሁትም የለም፤ እውነት ለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኸይራት ሙሐመድያሲን

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከፈረመች በኋላ ጥያቄዋን ፈቅጄ ተጠርጣሪውን ወደ ግቢው አስወጥቻለሁ። ሁለቱ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ተነጋግረዋል። የተባባሉትን በሕግ ስለማያስፈልግ አልመዘገብኩም። የተመደበው ሰዓት ሲያልቅ ጠባቂው ሊያስነሳቸው ቢሄድም፣ ተጠርጣሪው ገና እያለቀሱ ስለነበር እንዲቆዩ አዝዣለሁ።

ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ባዘዘው ስጦታው