የሰዒድ አባት

ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ሊመሽ ሲል፤ ሚስቱ ዘምዘም የሞተችበት አቶ ይመር በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ራሷም የአእምሮ ሕመም ታማ የዳነችው፣ አሁን ጤና ጣቢያ ቀጥሯት እንደ እሷ የታመሙትን በየቤታቸው የምትጎበኘው ወይዘሮ አሚናት ከፍራሹ ሥር ያገኘችውን ክኒን በእፍኟ ይዛለች።

አሚናት፦ ይኼን ሁሉ ደብቀው ነው “እየዋጥኩ ነው” ሲሉኝ የከረሙት?

ይመር፦ ፍራሽ መበርበርም በደመወዝሽ ውስጥ አለ?

አሚናት፦ እኔም የምደብቀው ፍራሽ ሥር ነበር። ፍለጋው አላደከመኝም።

ይመር፦ አንቺንስ ማን በረበረሽ?

አሚናት፦ ማንም። ለዚያ ነው ከቦርከና ወንዝ ጎትተው ያወጡኝ።

ይመር፦ እሱን ስውጥ ዘምዘም ዝም ትላለች። አንዴ ቀብሬያታለሁ፤ ደግሞ በየማታው ልቅበራት?

አሚናት፦ ባለፈው ገደሉ አፋፍ ላይ በባዶ እግርዎ የተገኙት እሷ ጠርታዎት ነው?

ይመር፦ ደጅ ቆማ ጠራችኝ፣ ወጣሁ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጎረቤት ባይይዘኝ ደርሼባት ነበር።

አሚናት፦ ዛሬስ?

ይመር፦ በሩን ለማን የከፈትኩት መሰለሽ? ለአንቺ?

አሚናት፦ ለእኔማ ቢሆን ሻይ ይጣድ ነበር።

ይመር፦ ሌላው አበደ ይበለኝ። አንቺ ግን ድምፁን ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር።

አሚናት፦ አውቀዋለሁ። ወደ እኔ የሚመጣው በሟች ልጄ ድምፅ ነበር። እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ብላ ነው የምትጠራዎት?

ይመር፦ “ይመር፣ ና ውጣ” ነው የምትለኝ።

አሚናት፦ በስምዎ?

ይመር፦ በስሜ።

አሚናት፦ ከዘምዘም ጋር አብረን ነው ያደግነው። ሰዒድ እስኪወለድ “እሳቸው”፣ ከተወለደ በኋላ “የሰዒድ አባት” ነበር የምትልዎት። ስምዎን ስትጠራ ሰምተው ያውቃሉ?

ይመር፦ ቀበሌ ሄደን ጸሐፊው “የባልሽ ስም?” ሲላት እንኳ አፍራ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነኝ የነገርኩት።

አሚናት፦ “አንተ” ብላዎትስ?

ይመር፦ አንድም ቀን።

አሚናት፦ ይኸው ነው።

ይመር፦ ታዲያ ያ ደጅ የሚቆመው ማን ነው?

አሚናት፦ አላውቅም። የእኔንም ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ክኒኑም ውሃውም ይኸው።

ይመር፦ ስጪኝ። በሩንም ዝጊው። ቀስ አድርገሽ ግን፤ ምናልባት እሷ ከሆነች እንዳይከፋት።