በአጥር ሽንቁር የታየ ዳቦ

ቅናት ክፉ ነው ይላሉ፤ እኔም በሰው ላይ ሳየው እንደዚያው እል ነበር። በዚያ በኮሮና ዓመት ግን በደብረ ማርቆስ ከተማ የኔን ያህል የቀና ሰው ያለ አይመስለኝም። መሥሪያ ቤታችን በየቤታችሁ ሁኑ ብሎናል፤ ትምህርት ቤትም ተዘግቷል። እኔ ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት እያልኩ ከማጀት አልወጣም፤ ባለቤቴ መሳፍንት ሳሎን ተቀምጦ ዜና ይሰማል። ከአጥር ማዶ ጎረቤቴ ወለላ ከባሏ ከአበረና ከልጆቿ ጋር ዳቦ ትጋግራለች። ሽታውንስ እችለው ነበር፤ ያቃጠለኝ ሳቃቸው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ላሰጣ ብዬ ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር በቆርቆሮው አጥር ሽንቁር ላያቸው ነበር። ሽንቁሩ ግን ተይዟል። አማቴ አቶ ዋኘው፣ የመሳፍንት አባት፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ያያሉ። ከጉንደ ወይን ለሕክምና መጥተው መንገድ ሲዘጋ እኛ ዘንድ የቀሩ ሰው ናቸው።

"አባባ፣ ምን ጠፋብዎ?" አልኳቸው።

"ቆርቆሮው ዝጓል እያልኩ ነው" ብለው ቀና አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ "ልጄ፣ ይኼ አበረ አስተማሪ አይደለም እንዴ? እጁን እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ነክሮ አየሁት። ሚስቱ ታማለች?"

"ደኅና ናት፤ አብረው ነው የሚሠሩት።"

"ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት ሲባል አልሰማም?"

"ችሎቱማ በበሽታው ምክንያት ተዘጋ፣ አባባ። ማጀቱ ነው አንድ ቀን ያልተዘጋ።"

"ባሌ ማጀት ይግባ ነው የምትይኝ?"

"አዎን፣ ይግባ። እርስዎ ሳይመጡ ሽንኩርት ይልጥልኝ ነበር፤ አሁን እርስዎን አፍሮ ነው የተቀመጠው።"

አማትን እንዲህ መናገር ያገሬ ወግ አይደለም። ምላሴን የፈታው ቅናት ነው። አቶ ዋኘው ከፋቸው።

"ወንድ ሊጥ ከነካ ክብሩን ጣለ" አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ በወጣትነትዎ መርጡለ ማርያም ዲያቆን ነበሩ። የቁርባኑን ኅብስት ማን ነበር የሚያቦካው?"

"እኔ ነኛ። ቤተ ልሔም ሴት አትገባም።"

"የሚጋግረውስ?"

"እኔው።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ክብርዎ ወዴት ሄደ?"

"ያ የእግዚአብሔር ማዕድ ነው። ከዚህ ጋር አታነጻጽሪው፣ ልጄ።"

"አላነጻጽርም። እግዚአብሔር ለራሱ ማዕድ የወንድ እጅ ካልናቀ፣ ለልጆች ማዕድ የምንንቀው እኛ ማን ሆነን ነው?"

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ግን በአፍ ክርክር አይረታም። "ተምራችሁ አፍ ብቻ አተረፋችሁ" ብለው ዓይናቸውን ወደ ሽንቁሩ መለሱ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ፤ እኔም አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልጃችን ሂዊ፣ አትሂጂ እየተባለች ሾልካ ሄዳ፣ አፍንጫዋ ድረስ ዱቄት ተቀብታ ከአበረ ፊት ቆማለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ያስተምሩኝ" ትላለች። "የኔ አያት እኮ ምንም መጋገር አያውቁም።"

"አያውቁም አለች?" አሉ አቶ ዋኘው፤ ድምፃቸው ቀጠነ። "የልጅ ልጄን ጎረቤት ያስተምርልኝ? እኔ በቁሜ?"

ያን ጊዜ የቀናሁት እኔ ብቻ አለመሆኔ ገባኝ። እሳቸውንም ስንት ቀን ሲያንገበግባቸው ኖሯል።

"እጄን አስታጥቢኝ፤ በሳሙና" አሉ። ማጀት ገብተው መሳፍንትን ተጣሩ፤ "ተነሥ፣ ዱቄት ንፋ!" መሳፍንት አባቴን ምን ነካው በሚል ዓይን አየኝ። "ሊጥ በእልህ አይታሽም፤ በትዕግሥት ነው" ይሉታል ሽማግሌው፤ እሳቸው ግን ያሹት የነበረው በእልህ ነው። ቢሆንም ሊጡ ኩፍ አለ፤ ዳቦውም አማረ። ሂዊ ተጠርታ መጣችና አያቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ በላች።

አንባቢዬ፣ ከዚያ ወዲያ ያገኘነውን ልንገርህ። ዳቦ ቤት በር ላይ ተጋፍቶ በሽታ መሸመት ቀረ። ሂዊ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ዱቄት በስኒ እየሰፈረች መደመርና ማካፈል ለመደች። መሳፍንት ሽሮው ቢጓጎልም ይሠራል። እኔም ሰው በልቶ ሲነሣ የተረፈውን ቆሜ መጉረስ ትቼ ከሁሉ ጋር ትኩሱን በላሁ። ሥራ ሲካፈሉት ጸብም ይቀንሳል፤ ይህን በኛ ቤት አይቻለሁ።

መንገድ ሲከፈት አቶ ዋኘው ወደ ጉንደ ወይን ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ሚስታቸው እማማ እቴናት ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ሽማግሌዬን ምን አደረጋችሁት? ዛሬ ጧት ዳቦ ጋግሮ አበላኝ።"

"ታዲያ ደስ አላለዎትም፣ እማማ?"

 

"ደስማ ብሎኛል" አሉ። "ግን ቀናሁብሽ፣ ልጄ። እኔ ልጅ አዝዬ፣ ወገቤ እየተቆረጠ ሳቦካ፣ ያ እጅ ያን ጊዜም ማቡካት ያውቅ ነበር እኮ።"