የጋሽ ጉሮሮ የመጨረሻ ታማሚ

እጃችሁን ታጥባችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ ሳትታጠቡ የመጣችሁም ጭምር፣ ወደ ጋሼ የጡረታ ሽኝት እንኳን ደህና መጣችሁ። ንግግሩን አንቺ አድርጊው የተባልኩት ዲግሪ ስላለኝ ሳይሆን ከሁላችሁም በላይ ስለምለፈልፍ ነው።

ጋሼ እዚህ ጋራዥ የመጣ ቀን እኔ አልተወለድኩም። የዕቃ ቤት ኃላፊያችን ግን ታሪኩን ከመደጋገሟ የተነሳ እዚያው የቆምኩ ያህል አውቀዋለሁ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ዘበኛውን "ጉሮሮ የሚጸዳው የት ነው?" ይለዋል። ኢንጀክተር ማለቱ ነው። ያ ለሞተሩ ነዳጅ የሚረጨው ቀጭን ዕቃ በእሱ አፍ ድሮም ዘንድሮም "ጉሮሮ" ነው። ዘበኛው ምን ይወቅ፣ "ቀጥሎ ያለው ግቢ ግባ" ብሎ ወደ ክሊኒኩ ሰደደው። ጋሼም የቅጥር ምርመራ መስሎት ወረፋ ይዞ ተቀመጠ። ተራው ሲደርስ ነርሷ "አፍህን ክፈት" አለችው። ከፈተ። አየችውና "ደህና ነህ፣ ምንም የለብህም" አለችው።

"ታዲያ ሥራ መቼ ልጀምር?"

ያቺ ነርስ ይኸው ሚስቱ ሆና አጠገቡ ተቀምጣለች። እትዬ እስከ ዛሬ፣ "አፍህን ክፈት ያልኩት አንድ ቀን ነው፤ ይኸው እንደከፈተው ቀረ" ትላለች። ልክ ነኝ እትዬ? ልክ ነሽ ብላኛለች፣ ሰምታችኋል።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ጋሽ ጉሮሮ ሆኖ ቀረ። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተር ላይ ደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ፣ ጋራዡ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። አለቃችን አንድ ቀን በስልክ ሲጮሁ፣ "ዝም በሉ እንጂ፣ ታማሚ እያዳመጥኩ ነው" አላቸው። ስልኩን ዘግተው ቁጭ አሉ። አለቃ፣ አይክዱም መቼም።

የሾርባዋን ነገር ደግሞ ማን ይረሳል? አንድ ደንበኛ መኪናውን ጥሎ ሲወጣ እናቱ ደወሉለት። እሱ ጋሼ ያለውን እንዳለ አቀበላቸው፤ "ጉሮሮዋ ተዘግቷል፤ ከፍተውታል፤ ዛሬ እዚሁ ታድራለች።" እናት ምራታቸው መስላቸው ብርድ ልብስና በፔርሙዝ ሾርባ ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። ጋሼ ወንበር ሰጣቸው፣ ኮፈኑን ከፈተና "ታማሚዋ ይቺ ናት፤ አሁን ተሽሏታል" አላቸው። ሴትዮዋ እስኪያነቡ ሳቁ። ሾርባውን ማን እንደጠጣው አልናገርም። ጨው ያንሰዋል ብሎ ነበር።

እኔ ስቀጠር፣ ገና ወንበሬ ሳይሞቅ፣ "የኢንጀክተር ማጽጃ ማሽን ካልተገዛ" ብዬ ሰው አላስቀምጥ አልኩ። ጋሼ ይቀየመኛል ብላችሁ ስትጠብቁ፣ እሱ አለቃ ጋ ገብቶ "ልጅቷ ልክ ናት፤ ግዙላት፣ እኛንም ታሳርፈናለች" አለ። ማሽኑ ሲመጣ መጀመሪያ የተማረው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ማሽኗን "እንደምን አደርሽ" ይላታል። ለእኔ ግን "መጣሽ?" ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ፍንክች አይልም። ማሽኑም ያጽዳው ሰውም ያጽዳው፣ ኢንጀክተር ሲረጭ በዓይኑ ካላየ አያምንም። ጥሩ ከሆነ እንደ ጉም ይበተናል። ካልሆነ ደግሞ፣ ከታላላቆቼ ይቅርታ፣ በእሱ ቋንቋ "ይሸናል"። የማንንም ምስክርነት ተቀብሎ አያውቅም። "አምጣው፣ ልየው" ነው መልሱ።

አሁን የምነግራችሁን ጋሼ ራሱ "አንቺ ንገሪልኝ፣ እኔ ካወራሁት ቀልድ አደርገዋለሁ" ብሎ ነው የፈቀደልኝ።

ልጃቸው ሩቅ ከተማ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። ጋሼ እትዬን "በራሳችን መኪና ነው የምወስድሽ" ብሎ ቃል ገብቷል። መኪናዋ ግን እሱ የሰው መኪና ሲያክም እሷ ስታስል የኖረች ናት። ነገ ነገ ሲላት እትዬ መረራት፤ "ጡረታ በወጣህ ማግስት ካልተነሳን እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ አንተና መኪናህ እዚሁ አብራችሁ ሳሉ" አለችው።

ቅዳሜ ደወለልኝ። "ዲግሪ፣ ቤት ነይ።"

"ወደ ጋራዥ ብናመጣት አይሻልም? ማሽኑ እያለ።"

"ቤት ነይ አልኩሽ።"

ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አሮጌ በር በድንጋይ ላይ አጋድሞ ጠረጴዛ አድርጎታል። እትዬ ቤንዚን የነካ ነገር ወደ ወጥ ቤት እንዳይገባ ከልክላለች፤ የጥርስ ብሩሽዋንም ቆልፋበታለች፤ ኢንጀክተር ሲፈትግበት ይዛዋለች፣ ታውቃላችሁ። የነዳጁን ግፊት አስተነፈስን፣ ኢንጀክተሮቹን በየተራ ነቀልን፣ ማጽጃውን በስሪንጅ ሞላን። እኔ እንዲረጭ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከአንዲት ትንሽ ባትሪ ጋር ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ አደርጋለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ያያል። መነጽሩን ጠረገ። እንደገና ጎንበስ አለ። ያሸተዋል እንዴ እስክል ድረስ ተጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እኔን ሳያይ፣

"ምን ታያለሽ?" አለኝ።

"ጉም።"

ሁለተኛው ላይም "ምን ታያለሽ?" ሦስተኛው ላይም። ሳቄ መጣ። "ጋሼ፣ ይሄ ፈተና አያልቅም?"

"ፈተና አይደለም" አለኝ ቀስ ብሎ። "አይታየኝም።"

ጋራዥ ያልመጣው ለዚህ ነበር። እናንተ ፊት ጎንበስ ብሎ እንዳያጣው ፈርቶ። ድምፁን የቀነሰው እትዬ እንዳትሰማ ነው፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር። "ነርስ አግብቶ ዓይኑን ሊደብቅ" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

አራተኛውን ነካ አደረግኩ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጋሼም ደክሞታል። ጉም ነው ብዬ ብዋሸው ያምነኝ ነበር።

"ይሸናል፣ ጋሼ።"

"ትንሽ?"

"ብዙ።"

ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ። "ሌላ ብጠራ ኖሮ 'ጥሩ ነው ጋሼ' ብሎኝ ይሄዳል። አንቺን የጠራሁሽ አፍሽ ክፉ ስለሆነ ነው" አለ። እንደገና ዘፈዘፍነው፣ እንደገና ረጨነው፣ እንደገና። እሱ "ምን ታያለሽ?" ሲል እኔ "ገና ነው" ስል ካፊያው ጀመረን። በመጨረሻ ተበተነ። ጉም ነው ስለው ሳያየው "ግጠሚው" አለኝ። አስቡት፣ እሱ፣ ሳያየው።

አዲስ የላስቲክ ቀለበት አድርገን ገጠምን። ሞተሩ ሲነሳ እትዬ ብቅ ብላ "ሳሉ ለቀቃት?" አለች።

"ለቀቃት።"

"እንግዲያው ቁልፉን አምጣ።" መሪውን ለማንም ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ቁልፉን ሰጣት። እትዬ ነገ ትነዳለች። ሲመለሱም የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስይዛለታለች፤ ከእሷ ደግሞ ማምለጥ የለም።

ጋሼ፣ እኔ እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋ፣ ሁሉም ነገር ዛሬ ካልተለወጠ የምል ልጅ ነኝ። ሌላው "ተረጋጊ" ሲለኝ አንተ "ወዴት ነው? እኔንም ውሰጂኝ" አልከኝ። ዓይንህ ያላየውን በእኔ ቃል አምነህ እትዬን ይዘህ ልትጓዝ ነው። ከዚህ የሚበልጥ አደራ የሰጠኝ የለም። አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ሻይም የያዘ ያንሳ። ለጋሼና ለእትዬ። ጡረታው ዕረፍት፣ መንገዱ ቀና፣ ዕድሜው ረጅም ይሁንላችሁ። ጋሼ፣ መንገድ ላይ ያልታየህን እትዬን ጠይቃት፣ አትፈር። ስትደርስ ግን ሕፃኗ ማንን ትመስላለች ብለህ ማንንም አትጠይቅ፤ ሁሉም እኔን ነው የሚልህ። ተቀበላትና ሳማት። ስታለቅስም ስማት።